ውኃ የማያስገባ የጀልባ ክዳን፦ በጅማ ያሠራሁት

በግቢዬ ለሠራኋትና በግልገል ጊቤ ግድብ ውኃ ላይ ልቀዝፍባት ላሰብኳት የእንጨት ጀልባ፣ ሁለት የዕቃ ማስቀመጫ ክዳኖችን ያሠራሁት ጅማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ባለ ሦስት እግር በርጩማን ከአንድ ወጥ እንጨት ፈልፍለው በሚያወጡ እጆች በምትታወቅ ከተማ ክዳን ያስቸግራል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

የመጀመሪያው ግን አሳፈረኝ። ከአንድ ሰፊ የዋንዛ ጣውላ ስለተሠራ፣ ክረምቱ ሲገባ እንደ ሰፌድ ጎብጦ ሁለት ማዕዘኖቹ ተነሡ፤ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በርዝመቱ እምብዛም ሳይለወጥ በወርዱ ያብጣልና። ባለሙያው ቅሬታዬን ሳያንገራግር ተቀብሎ፣ ጠባብ ጠባብ ጣውላዎችን በኮላ አያይዞ፣ ከሥር ሁለት አግዳሚዎችን በብሎን አሰረባቸው፤ እንጨቱ ሲያብጥ እንዳይሰነጠቅም የአግዳሚዎቹን ቀዳዳዎች ከብሎኑ ጥቂት አሰፋቸው።

ከሁሉ የወደድኩት የፍተሻውን ዘዴ ነው። በጀልባው ወለል ላይ ከፍ ብሎ በቆመው የዕቃ ማስቀመጫው አፍ ጠርዝ ላይ ጠመኔ ቀብቶ፣ በክዳኑ ውስጥ ዙሪያውን ለስላሳ ላስቲክ ለጥፎ ከደነው። ሲከፍተው ጠመኔው በላስቲኩ ላይ ያተመው ነጭ መስመር በአንድ ጥግ ሁለት ጣት ያህል ተቋርጦ ታየ፤ ጠርዙን እዚያ ላይ ሞልቶ አስተካከለው። ከዚያ በኋላ በጎማ ውኃ ብናርከፈክፍበትም ከውስጥ ያስቀመጥነው ጋዜጣ አልረጠበም።

መቆለፊያዎቹ ተራ የሣጥን መቆለፊያዎች በመሆናቸው ቶሎ ይዝጋሉ ብዬ እሰጋለሁ። ከቀጠሮውም ዘግይቶብኛል፤ ለሌላ ጀልባም ቢሆን ግን ወደዚያው እመለሳለሁ።