የተቆለፈ መሪ፦ በእጅ ማላቀቅ ወይስ የቁልፍ ማስገቢያውን ማስቀየር?

አሮጌ ኮሮላን ዳገት ላይ፣ የፊት ጎማውን ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ጋር አስደግፈው ካቆሙት ሲመለሱ መሪውም ቁልፉም አልንቀሳቀስ ሊሉ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ቁልፉ ከወጣ በኋላ አንዲት የብረት ምላስ በመሪው ዘንግ ላይ ካለው ጎድጓዳ ትገባለች፤ ጎማው መሪውን ሲገፋው ምላሷ ተወጥራ ትያዛለች።

ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ የማስቀድመው እጅን ነው። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይሞክሩት፤ በአንደኛው በኩል ፈጽሞ አይነቃነቅም፣ በሌላኛው ግን ጥቂት ይላላል። ወደሚላላው በኩል ገፍተው እንደያዙ ቁልፉን በቀስታ ያዙሩት። ወጪ የለውም፣ መሣሪያም አይፈልግም። ቁልፉን በጉልበት ማዞር ግን አደራ! ያረጀ ቁልፍ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

መሪው ላልቶ ቁልፉ ብቻ አልዞር ካለ ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ ብዙ ያልሠራበትን ትርፍ ቁልፍ ይሞክሩ። እሱም ካልሠራ ማስገቢያውን ማስቀየር ይሻላል፤ ገንዘብ ያስወጣል፣ ብዙ ጊዜም የበሩና የሞተሩ ቁልፍ ይለያያል።

ምላሷን ቆርጠን እንጣላት የሚል መካኒክ ከገጠመዎት አይፍቀዱለት። የቀረው ስብርባሪ በጉዞ ላይ መሪውን ሊይዘው ይችላል።