የዶርዜ መንደር ጉብኝት፦ ለየቱ ይከፈላል፣ የቱ ቢቀር ይሻላል?

ዶርዜ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ዳገት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለእንግዳ የምታቀርበው የግማሽ ቀን መሰናዶ በየግቢው ተመሳሳይ ነው፤ የቀርከሃ ቤት፣ የእንሰት ፍቅፋቂ፣ ቆጮ በማርና በዳጣ፣ ፈትልና ሽመና፣ አረቄ፣ መጨረሻ ላይ ጭፈራ። የሁሉም ዋጋ ግን እኩል አይደለም። ሽመናው ብቻውን ዳገቱን ያስወጣል፤ ለእንግዳ የሚለበሰው ቆዳና የሚያዘው ጦር ቢቀር ምንም አይጎድልም።

ቤቱ አዲስ ሲሠራ ቁመቱ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። መሃል ላይ ምሰሶ የለውም፤ የተጎነጎነው ቀርከሃ ራሱን ይሸከማል። ምስጥ ከሥር በበላው ቁጥር ቤቱ ስለሚያጥር፣ ዕድሜውን ከቁመቱ መገመት ይቻላል። ሰዎች ተባብረው አንስተው ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውሩትም ይችላሉ። ሲገቡ ቀና ብለው ጣሪያውን ይዩ። ጥላሸት የጠጣ ከሆነ ሰው ይኖርበታል፣ እሳትም ይነድበታል፤ ጭሱ ተባይ ያርቃል። ውስጡ ንጹሕ ቢጫ ከሆነ ግን ለእይታ የቆመ ነው፤ እንዲህ ያለው ቤት ጭስ ስለማያገኝ ቶሎ ይበላል።

እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ናቸው። ቅርፊቱ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ተደግፎ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፋቃል፤ ከሚጨመቀው ፈሳሽ የሚዘቅጠው ቡላ ይሆናል፣ ቃጫው ለገመድ ይተርፋል። ፍቅፋቂው በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ከሳምንታት እስከ ወራት ይብላላል። ስለዚህ ፊትዎ ተጋግሮ የሚቀርበው ያን ዕለት የተፋቀው ሳይሆን ቀድሞ የተቀበረው ነው። ሊጡ በደንብ ካልተከተፈ ቃጫው ጥርስ ላይ ይቀራል፤ ይህ የችኮላ ምልክት ነው። የሚፋቀው ቅርፊት ጠውልጎ ከደረቀ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቡድን ያው አንዱ እየታየ ነው ማለት ነው። ለቆጮ አዲስ የሆነ ሆድ በጥቂቱ ይጀምር፤ ዳጣው ያቃጥላል።

ሽመናው ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ደጋው ለጥጥ ስለሚበርድ ጥጡ ከቆላ ይመጣል። ሴቶች ፍሬውን በመዳመጫ ያወጣሉ፣ በደጋን ይነድፋሉ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ይፈትላሉ። ሸማኔው ወንድ ነው፤ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ በእግሩ መርገጫውን እያፈራረቀ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ይልካል። መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ድሩ (በቁመት የሚወጠረው ክር) የፋብሪካ ነው ወይስ የእጅ? ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ (በመወርወሪያ በአግድም የሚገባው) የእጅ ፈትል መሆኑ የተለመደ ነው፤ ድር ሲወጠር ብዙ ስለሚሳብ በቀላሉ የማይበጠሰው የፋብሪካ ክር ይመረጣል። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ማጉም የፋብሪካ ሆኖ በእጅ ፈትል ዋጋ ሲሸጥ ነው ማጭበርበር የሚሆነው።

ጋቢ ሲገዙ ጠርዙን ገልጠው ድርቡን ይቁጠሩ፤ ጋቢ አራት፣ ኩታ ሁለት ነው። ወደ ብርሃን አንስተው ሲያዩት የእጅ ማግ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ እንደ ወረቀት እኩል ከሆነ የፋብሪካ ነው። ከጫፉ አንድ ክር መዘው ያቃጥሉ፤ ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ይጠነክራል። ቀይ ጥለት ካለው እርጥብ ነጭ ጨርቅ ያሹበት፤ ከለቀቀ የመጀመሪያው እጥበት ነጩን ያበላሻል። ግቢው ውስጥ የተሰቀለው ሁሉ እዚያው የተሸመነ ላይሆን ይችላል። የሸማኔው እጅ ላይ ካለው ሥራ ጋር አስተያይተው፣ ከተቻለ ከራሱ ይግዙ።

ይህ ምክር ለኪስ ብቻ አይደለም። ሽመና በከተማ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብበት የኖረ ሙያ ነው። ዛሬ ካሜራ ሲደቀንበት የሚኮራ ሸማኔ አለ፤ ጎንበስ ብሎ ሥራውን የሚቀጥልም አለ። እንግዳ የሚቀበል ግቢ ባህሉ በቱሪዝም ታደሰ ይላል። መኪናው በደጁ የሚያልፍበት ጎረቤት ግን የሚደርሰው ሲኖር ብቻ ነው በዚህ የሚስማማው። አስጎብኚውን «መግቢያው ለማን ይደርሳል? ግቢዎቹ በተራ ነው የሚያስተናግዱት?» ብለው ይጠይቁት። ጥርት ያለ መልስ የሚሰጥ አስጎብኚ ይመረጣል። የመግቢያ፣ የአስጎብኚ፣ የፎቶና የጭፈራ ክፍያ ተደራርቦ ከሚያጨቃጭቅ፣ ሁሉንም በአንድ ዋጋ አስቀድሞ መስማማት ይሻላል።

የአካባቢው ባህላዊ ሥርዓት ለእንግዳ ተብሎ ብቻ የቆመ እንዳይመስልዎ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የወጡትን ወጣቶች ዶርዜ የሚካተትበት የጋሞ ሕዝብ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መልሰዋል። ያ ሥልጣን ከዱቡሻ፣ ከሽማግሌዎች የጉባኤ ሜዳ፣ የሚወጣ ነው። ቦታውን ማየት ከፈለጉ አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ጉባኤ ላይ ካሉ ካሜራ አይነሳም። ከአረቄው ጋር «ዮ! ዮ! ዮ!» እያሉ ለፎቶ መዝለሉ እና ይህ አንድ አይደሉም።

መስቀልም የራሳቸው ነው። አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ የሚሸምነው ሁሉ ወደ አገሩ የሚመለስበት የቤተሰብ በዓል ስለሆነ ያለ ጋባዥ አይሄዱበትም፤ ጋባዥ ያገኘ ግን ከየትኛውም መሰናዶ የበለጠ ያያል።

የመንገዱ ትልቁ ጉድለት ጠመዝማዛው ላይ ነው። ልጆች ከመኪና ፊት እየተገለበጡና እየጨፈሩ ብር ይጠይቃሉ። መስኮት ከፍቶ መስጠት ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረዋል፣ ከጎማ ሥርም ያደርሰዋል። ሹፌሩ እንዳይቆም ከመነሳትዎ በፊት ይንገሩት።

ገበያው ሰኞና ሐሙስ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚወጡ ሹራብ ይያዙ። ዝርዝር ብርም ያስፈልጋል፤ ሸማኔው መልስ ላይኖረው ይችላል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ጉም ዳገቱን ስለሚሸፍን በጠዋት ወጥቶ ከምሳ በኋላ መውረድ ይመረጣል።