አንድ ኩባንያ መቆየት ወይስ መዘዋወር? ወደ ቴክኖሎጂ አመራር የሚወስዱ ሁለት መንገዶች

ሳትያ ናዴላ እ.ኤ.አ. በ1992 ማይክሮሶፍት ገባ፣ በ2014 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነ። ዝም ብሎ ተራ አልጠበቀም። እየሠራ ቅዳሜና እሁድ ቺካጎ እየተመላለሰ የቢዝነስ ማስተርሱን ጨረሰ፣ በኋላም ከኩባንያው የፍለጋ ሞተር ከቢንግ ወደ ክላውዱ (የኮምፒውተር አገልግሎትን በኢንተርኔት የማቅረብ) ሥራ ተዛወረ። ሊሳ ሱ ግን ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ወደ አይቢኤም፣ ከዚያ ወደ ቺፕ አምራቹ ፍሪስኬል፣ በ2012 ደግሞ ወደ ሌላው ቺፕ አምራች ኤኤምዲ ሄዳ እዚያው በ2014 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነች።

የቆየ ሰው በጀቱን ማን እንደሚፈርም፣ የትኛው ሲስተም ለምን እንደሚያስቸግር ያውቃል። ችግሩ አለቃህ ካልተነሳ አንተም እዚያው ነህ። መዘዋወር ደሞዝም ማዕረግም ቶሎ ይጨምራል፣ ግን በየዓመቱ ከቀየርክ የወሰንከው ነገር ምን እንዳመጣ ሳታይ ትሄዳለህ፤ አመራር የሚያስተምረው ደግሞ እሱ ነው። ሊሳ ሱ እንኳን አይቢኤም ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርታለች። ለጀማሪ የምመክረው፦ አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ከጅምሩ እስከ ጥገናው ሳታይ አትልቀቅ።