ቴሌግራም ለክፍል ትምህርት፦ አንድ የባዮሎጂ መምህር እንዳየው

የ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ። ቴሌግራምን ለማስተማሪያ መጠቀም የጀመርኩት እንደ ብዙው መምህር መጋቢት 2012 ላይ ነው፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ። ያኔ የማደርገው ምን ነበር? የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ ማንሳት፣ ፒዲኤፍ መላክ፣ «አንብቡ» ማለት። ልጆቹ ያወርዱታል፣ እዚያው ስልካቸው ላይ ይቀመጣል። ትምህርት ተከፍቶ ተመልሰው ሲመጡ ስጠይቃቸው ከላክሁት ውስጥ ጭንቅላታቸው ውስጥ የቀረው በጣም ትንሽ ነበር። እውነቱን ለመናገር አንጀቴ ነው ያረረው።

ዛሬ ግን ያለ ቴሌግራም ማስተማር ይከብደኛል። ሐሳቤን የለወጠው ኩዊዙ ነው።

ያልሞከራችሁት መምህራን ካላችሁ፣ ግሩፕ ውስጥ ፖል (ምርጫ ያለው መጠይቅ) ስትከፍቱ ኩዊዝ የሚያደርገውን ማብራት ነው፣ በቃ። ጥያቄውንና ምርጫዎቹን ትጽፋላችሁ፣ ትክክለኛው ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ማብራሪያ የሚጻፍበትም ቦታ አለው፤ ልጁ ሲሳሳት ያ ማብራሪያ ብቅ ይልለታል። አንዴ ከመለሰ መቀየር የለም። ሌላው ምን እንደመለሰ የሚያየውም እሱ ራሱ ከመለሰ በኋላ ነው። ስም የማያሳየውን ምርጫ ካጠፋችሁት ማን ምን እንደመረጠ በስም ይታያል፣ ግን ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለተማሪዎቹም ይታያል። ስለዚህ እኔ አላጠፋውም። የተሳሳተ ልጅ በማግስቱ እንዲሳቅበት አልፈልግም።

ምን እንዳተረፍኩበት ልንገራችሁ። ፎቶሲንተሲስን (ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠሩበትን) እና ሪስፓይሬሽንን (ሴል ከምግብ ኃይል የሚያወጣበትን) አስተምሬ ጨረስኩ። «ገባችሁ?» አልኩ። «አዎ ቲቸር!» አሉኝ በአንድ ድምፅ። ማታ ግሩፑ ላይ አንድ ጥያቄ ለቀቅሁ፦ ዕፅዋት ሪስፓይሬሽን የሚያካሂዱት መቼ ነው? ከመለሱት ከግማሽ በላይ የሆኑት «ሌሊት ብቻ» የሚለውን ነኩ። ስልኬን ይዤ ቁጭ አልኩ። ቀን ፎቶሲንተሲስ፣ ሌሊት ሪስፓይሬሽን ብለው በፈረቃ ከፋፍለውታል፣ ልክ እንደ ትምህርት ቤታችን! በማግስቱ ያዘጋጀሁትን ትቼ ገባሁና አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፦ «ቀን ላይ የሥሩ ሴል ኃይል ከየት ያገኛል? ሥር ላይ ፀሐይ አለ እንዴ?» ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ከኋላ አንዱ «ስለዚህ ቀንም ሌሊትም ነዋ!» አለ። ቀን ላይ የሚያወጡት ኦክስጅን ከሚጠቀሙት ስለሚበልጥ ነው ሪስፓይሬሽኑ የማይታየን ብዬ ቀጠልኩ። ያን ጥያቄ ማታ ባልጠይቅ ኖሮ ይህን ስህተት የማገኘው የፈተና ወረቀት ላይ ነበር፣ ያን ጊዜ ደግሞ ምዕራፉ አልፏል።

ሁለተኛው የምወድለት ነገር ቮይስ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ልጅ የሚያቅተው ባዮሎጂው ሳይሆን ቋንቋው ነው፣ ይህን ማንም የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መምህር ያውቀዋል። እኔ የከበደውን አንቀጽ ሁለት ደቂቃ በማትሞላ ቮይስ በአማርኛ አብራራና እለቃለሁ፤ የሚበላው ዳታ ከቪዲዮ ጋር አይወዳደርም፣ ደጋግመውም ይሰሙታል። እነሱም በቮይስ ይጠይቁኛል። ክፍል ውስጥ እጇን አንድም ቀን አውጥታ የማታውቅ ልጅ አለችኝ፣ ከኋላ የምትቀመጥ። አንድ ማታ ቮይስ ላከች። ድምጿ ዝቅ ብሎ፣ ከጀርባ የሳህን ድምፅ እየተሰማ፣ «ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ማይቶሲስ ላይ ክሮሞዞሙ ቁጥሩ ካልቀነሰ ሚዮሲስ ላይ ለምን ይቀንሳል?» አለች። ማይቶሲስና ሚዮሲስ ሴል የሚከፋፈልባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ከዚያ ክፍል የወጣ ምርጥ ጥያቄ ነው። ስሟን ሳልጠራ ጥያቄዋን በማግስቱ ለሁሉም አነሳሁት።

ከዋትስአፕ የሚሻልበት ዘግይቶ የገባ ተማሪ የቀድሞውን ሁሉ ማየት መቻሉ ነው፣ አድሚኑ ከፈቀደ። ጉግል ክላስሩም ለሥራው የተሠራ ነው፣ ግን ኢሜይል ይፈልጋል፤ የእኔ ልጆች ግማሾቹ ፓስወርዳቸውን ይረሳሉ። ግሩፑ ገበያ እንዳይሆን ስቲከር ዘግቻለሁ፣ ስሎው ሞድ (አንዱ ከጻፈ በኋላ ደግሞ ለመጻፍ እንዲጠብቅ የሚያደርገውን) አብርቻለሁ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ደግሞ መጻፍ እዘጋለሁ። ልጅ መተኛት አለበት።

አሁን ወደሚያናድደው። አሳይመንት ስልክ ላይ ከሰጣችሁ አለቀ፣ አንዱ ሠርቶ ፎቶውን ፎርዋርድ ያደርጋል። አንዴ ዲያፍራም የሚለውን ቃል ፊደል የሳቱ 11 ደብተሮች አርሜያለሁ፣ ሁሉም ያው ስህተት፣ እዚያው ቦታ ላይ። ከዚያ ወዲህ አሳይመንት በወረቀት ብቻ ነው።

ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ ደግሞ «ፈተናው እጃችን ገብቷል» የሚሉ ቻናሎች ይፈላሉ። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና በሶሻል ሚዲያ ወጥቶ መሰረዙን ሁሉም ስለሚያስታውስ ልጆች በቀላሉ ያምናሉ፣ የቤተሰብ ብር የሚልክም አለ። እባካችሁ መምህራን፣ ይህን ክፍል ውስጥ በግልጽ ተናገሩ። የስልክ ቁጥር ነገርም አለ። ግሩፕ ውስጥ ቁጥራቸው ለማንም እንዳይታይ ከፕራይቬሲ ላይ መዝጋት ይቻላል። እኔ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ስልካቸውን አስወጥቼ፣ በተለይ ሴቶቹን፣ አብሬ ነው የማዘጋቸው።

መተማመኛም የለውም። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ለወራት ቴሌግራም ሲዘጋ ቪፒኤን ያለው ቀጠለ፣ የሌለው ቀረ። ቪፒኤኑም ዳታና ባትሪ ይጨርሳል። ያን ጊዜ ነው ሙሉ ትምህርቴን እዚህ ላይ መጫን እንደሌለብኝ የገባኝ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ስልክ የሌላቸው ናቸው። ክፍሌ ውስጥ የራሱ ስልክ ያለው ሁሉም አይደለም። አንዳንዱ የእናቱን ስልክ ማታ ይቀበላል፣ እሷ ከሥራ ስትመለስ፣ ካርድ ካለ። በቴሌግራም ነጥብ የሚሰጡ መምህራን አሉ፤ ይህ ልክ አይደለም፣ የልጁን ውጤት ከቤተሰቡ ኪስ ጋር ማሰር ነው። እኔ ከኩዊዙ ምንም ነጥብ አልይዝም። ማታ የለቀቅሁትን ጥያቄ ጠዋት መጀመሪያ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ፣ አምስት ደቂቃ እሰጣለሁ፣ ስልክ የሌላቸው በቁራጭ ወረቀት ስም ሳይጽፉ መልሰው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ የስልኩንና የወረቀቱን ደምሬ ማስተማር እጀምራለሁ።

ከ5 ስንት ትሰጠዋለህ ካላችሁኝ፣ ለኩዊዙና ለቮይሱ 5፣ ለፒዲኤፍ መጫኛነት 2።