በአዳማ የአሮጌ ካርቡሬተር ጥገና፦ ለቮልስ ባለቤቶች የሚጠቅም አስተያየት

በአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ማስታወቂያ ያልሰቀለ አንድ የካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተር የሚሰጥ ዕቃ) ጥገና ቤት አለ። ቮልስ፣ ላዳና አሮጌ ቶዮታ የሚነዱ ሰዎች በአፍ እየተነጋገሩ ይደርሱበታል። እኔም የሄድኩት 1600 ሲሲ ሞተር ያለው ቮልሴ ሲሞቅ ሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) አልይዝ እያለ ስለሚጠፋ፣ ቤንዚን ሲረገጥም ለአፍታ ታፍኖ ስለሚንገጫገጭ ነበር። ቀደም ሲል ያየው ሌላ ጋራዥ ካርቡሬተሩ እንዳለቀለትና በኮፒ መቀየር እንዳለበት ነግሮኛል።

የዚህ ቤት ባለሙያ ትልቁ ብቃታቸው ካርቡሬተር ለመፍታት አለመቸኮላቸው ነው። በቅድሚያ የጠየቁኝ መኪናው መጨረሻ የተስተካከለው የት እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል አየሯ የታመቀ ነው፤ ለአዲስ አበባ ስስ አየር ቤንዚኑ ተቀንሶ የተስተካከለ ሞተርም እዚህ ሲወርድ ቤንዚን ያጥረዋል። ቤንዚኑን የሚለኩሱት ካንዴላዎች ሲወጡ ነጣ ብለው መገኘታቸው ይህንኑ አመለከተ። ከዚያ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቡተሩን ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን መገናኛ) ክፍተት ለክተው 0.4 ሚሊ ሜትር መሆኑን አረጋገጡ፤ በካርቡሬተር ከሚሳበበው ችግር ብዙው ከዚያ እንደሚመነጭም ነገሩኝ።

ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ በመገጣጠሚያዎቹ ዙሪያ ማጽጃ ስፕሬይ ነፉ። ስፕሬዩ የቤንዚን መስጫውን ክዳን የሚያዞረው ዘንግ ሥር ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ፤ የዘንጉ ማረፊያ በመብላቱ ትርፍ አየር ይገባ ነበር ማለት ነው። ሞተሩን አጥፍተው፣ የአየር ፊልትሮውን አንስተው የቤንዚን መስጫውን ሽቦ ሲስቡት ደግሞ፣ በቀጭኑ ቱቦ ቀጥ ብሎ መፈንጠቅ የነበረበት ቤንዚን ተንጠባጠበ። መታፈኑን ያመጣው ይህን ቤንዚን የሚፈነጥቀው የካርቡሬተሩ ትንሽ ፓምፕ ላስቲክ መድረቁ ነበር።

ካርቡሬተሩ ሲፈታ ከመኪናው ቤንዚን ታንከር የመጣ ዝገት ከሥሩ ተከማችቶ ተገኘ። ባለሙያው የነሐስ ጄቶቹን (ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍባቸውን ባለ ቀዳዳ ዕቃዎች) በኮምፕሬሰር አየር ብቻ ነፏቸው፤ ሽቦ የሚሰደድበት ጄት ቀዳዳው ስለሚሰፋ ልኩን ያጣል፤ ይህን የማይጠነቀቁ ብዙ ጋራዦች አይቻለሁ። የተበላውን የዘንጉን ማረፊያ ቶርኖ ቤት ልከው ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) አስገቡለት።

ማስተካከያው ላይ ያየሁት ጥንቃቄ ከሁሉም ይበልጥ አስደስቶኛል። የእኔው ካርቡሬተር ሶሌክስ 34 ፒክት 3 የሚባለው ዓይነት ሲሆን ሚኒሞው የሚስተካከለው በጎኑ ባለው ትልቁ የአየር ቪቴ (ብሎን) ነው። የፊተኛው ጋራዥ ግን ክዳኑን የሚያቆመውን ቪቴ ጠምዝዞ ሚኒሞ ጨምሮ ስለነበር ክዳኑ ሳይዘጋ ቀርቷል። ይህ ተመልሶ፣ ትንሹ የቤንዚን ቪቴ ከመዝጊያው ሁለት ዙር ተኩል ተከፍቶ ሥራው ተጀመረ፤ በመጨረሻም ሞተሩ በደቂቃ 850 ዙር ገደማ ላይ ረጋ። ዛሬ ሞቆም አይጠፋም።

ዋጋው ለአዲስ ኮፒ ከተጠየቅሁት ከግማሽ በታች ነው። ሆኖም ደረሰኝ የለም፤ ቶርኖ ቤቱ ወረፋ ስላለበት መኪናው ማደሩ አይቀርም፤ ጓርኒሲዮኑም (በመገጣጠሚያዎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ከወረቀት በእጅ የሚቆረጥ በመሆኑ አዲስ ያለው ሰው ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። ከሁሉ የከፋው ዕቃ የሚታጠብበት ቤንዚን ክፍት ጣሳ ውስጥ ተቀምጦ ደንበኞች በአጠገቡ ሲጋራ ማጨሳቸው ነው፤ ስጠቁማቸው ጣሳውን አራቁት እንጂ አጫሾቹን አልከለከሉም። ያረጁ የቤንዚን ማስተላለፊያ ጎማዎችን (ቱቦዎችን) ግን ሳልጠይቅ ቀይረው በፋሼታ (ማጥበቂያ ቀለበት) አጥብቀውልኛል። ሞተሩ ከኋላ የሆነው ቮልስ ላይ የሚያፈስ ጎማ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ ይህንንም አብሮ ያሠራ።