ኤፖክሲ ፕራይመር ለአሮጌ ፒክአፕ፦ ከቀለሙ በፊት ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውሉት

አሮጌ ፒክአፕ ማደስ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ቀለሙ ነው። ሰማያዊ ይሁን ወይስ ክሬም? ያብለጭልጭ ወይስ ደብዘዝ ይበል? እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ሥራው ካለቀ በኋላ ማንም ስለማያየው ነገር ነው። ከቀለሙ ሥር ስለሚገባው፣ ከሁለት ቆርቆሮ ተቀላቅሎ ስለሚረጨው ኤፖክሲ ፕራይመር። የ1970ዎቹ ፒክአፔን ከጋቢናው እስከ ካሶኒው በእሱ ሠርቻለሁ። ለቦዲ ሥራው ከገዛሁት ሁሉ የወጣበት ገንዘብ የሚገባው እሱ ነው ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

መጀመሪያ ምንነቱን ልናገር። አንዱ ቆርቆሮ ሬዚን (ዋናው ሙጫ መሰል ፈሳሽ) ነው፣ ሌላው ሃርድነር (ማጠንከሪያው)። ሁለቱ ሲገናኙ ኬሚካላዊ ለውጥ ይጀመራል፤ የሚጠነክረው ቲነሩ ስለተነነ ብቻ አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። በአንድ ቆርቆሮ የሚመጡት ተራ ፕራይመሮች ሲደርቁ ለዓይን ድፍን ይመስላሉ እንጂ ብዙዎቹ እርጥበት ያሳልፋሉ። ላሜራውን ተራ ፕራይመር ቀብታችሁ ዝናብ በሚያገኘው ቦታ ካቆያችሁት ዝገቱ ከሥር ሥራውን ይጀምራል፣ እናንተም ቀለሙ እስኪያብጥ ድረስ አታውቁም። ኤፖክሲ ግን በደንብ በተዘጋጀ ባዶ ብረት ላይ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፣ ውሃንም በጣም ይከላከላል።

ይሄ ነገር በትርፍ ጊዜው ለሚያድስ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሥራው በአንድ ጊዜ አያልቅማ! ኮፈኑ ሲያልቅ ፓራፋንጎው ይቀጥላል፣ ፓራፋንጎው ሳያልቅ በሩ ይመጣል፣ ካሶኒው ገና ጥግ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የተፋቀ ባዶ ብረት ደግሞ አየሩ እርጥብ ከሆነ በአንድ ሌሊት ብርቱካንማ ዝገት ይለብሳል። ስለዚህ አካሄዴ ይሄ ነበር፦ የተፋቀ ቁራጭ በዚያው ቀን ኤፖክሲ ይለብሳል፣ ከዚያ ተረጋግቼ ወደ ሌላው እሄዳለሁ።

አሁን ወደ ዝገቱ እንምጣ፣ ምክንያቱም ፕራይመሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዝገት ላይ ከተቀባ ከንቱ ነው። አሮጌ ፒክአፕ የሚበላው በታወቁ ቦታዎች ነው። የጋቢናው የኋላ የታች ማዕዘን፣ ከበሩ ሥር ያለው ደፍ፣ ከጎማው ጀርባ ያለው የፓራፋንጎው የታች ጫፍ፣ ከወለሉ ምንጣፍ ሥር፣ የጣሪያው ጠርዝ ላይ ያለው ውሃ መውረጃ፣ የኋላው ስፖንዳ የታችኛው እጥፋት። ሁሉም ጭቃና ውሃ የሚያዝባቸው ቦታዎች ናቸው። ማግኔት ያዙና አንድ በአንድ ዳስሱ። የማይስብበት ቦታ ካለ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ፣ ማለትም ጉድጓድ መሙያ ልስን፣ አለ ማለት ነው።

የኔ መኪና የግራ የጋቢና ማዕዘን ላይ ማግኔቱ ጭራሽ አልያዘም። በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጠርዙን ፈልቀቅ ሳደርገው ስቱኮው እንደ ገል ሆኖ በቁራጭ ተነሣ። ውፍረቱ ከጣት ይበልጣል። ከጀርባው የነበረው ላሜራ በእጅ ሲነካ የሚፈረፈር ቡናማ ዱቄት ሆኗል፣ እዚያው ላይ አንድ ሰው ጋዜጣ ጠቅጥቆ ከላይ ለስኖበት ኖሯል። እንዲህ ያለውን ነገር በኬሚካል ማዳን አይቻልም። ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ድረስ ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ ብቻ ነው መፍትሔው። ላሜራው ቀጭን ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ በያጁ ነጥብ ነጥብ እያደረገ ቦታ እየቀያየረ ይበይድ። በአንድ መስመር እየጎተተ ከሄደ በሙቀቱ ይጣመማል፣ የተጣመመውን የሚያቃና ባትላሜራ ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ስለ ዝገት መቀየሪያ ፈሳሾችም ትንሽ ልበል። ብዙዎቹ አሲድ ያለባቸው ናቸው፣ ዝገቱን ወደ ጥቁር ነገር ይለውጡታል። ውስጡ ለማይፋቅ ጥቃቅን ጉድጓድ ይጠቅማሉ፣ አልክድም። ነገር ግን ትራፊያቸው ሳይታጠብ ከላዩ ኤፖክሲ ከተረጨ አይስማሙም፤ ኤፖክሲው በደንብ አይጠነክርም ወይም ይላጣል። አሲድነት ያላቸው ብረት የሚነክሱ ፕራይመሮችም እንደዚሁ ናቸው፣ ብዙ ኤፖክሲ አምራቾች ከሥር እንዳይገቡ ይከለክላሉ። የኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ መፋቅ፣ መፋቅ፣ አሁንም መፋቅ። አሸዋ መንፋት ለሻንሲና ለወፍራም ብረት ግሩም ነው። ኮፈን፣ ጣሪያና በር ላይ ግን ሰፊውን ላሜራ ያወላግደዋልና ለልምድ የለሽ እጅ አትስጡት።

አሮጌ ቀለም ስትፍቁ ማስክ አድርጉ። የድሮ ቀለሞች እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርባቸው ይችላል፣ አቧራው ሳንባ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ልብስ ላይ ሆኖ ቤት ድረስ ይገባል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነማ የሥራ ልብሱ ውጭ ይቅር።

ከተፋቀ በኋላ ብረቱ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ይደረጋል። ኤፖክሲ ልሙጥ ብረት አይወድም፣ የሚቆናጠጥበት ጭረት ይፈልጋል። ቀጥሎ ቅባት ማስለቀቂያ። እዚህ ላይ ሁለት ጨርቅ ያስፈልጋል፣ በአንዱ እርጥቡን ትቀባላችሁ፣ ሳይደርቅ በሌላው ደረቅ ጨርቅ ትወለውላላችሁ። በአንድ ጨርቅ ማሸት ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዞር ነው። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ መንካት የለም፣ የጣት ወዝም ቅባት ነው።

አቀላቀሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንዱ ምርት 1 ለ 1 ነው፣ ሌላው 2 ለ 1፣ ሌላው 4 ለ 1። በዓይን መጠን መገመት አይሠራም፣ ምልክት ያለው መለኪያ ተጠቀሙ። ሃርድነር ጨመር ቢደረግ ቶሎ ይደርቃል የሚሉ አሉ። አይደርቅም፣ ይበላሻል። አንዳንዶቹ ደግሞ ከተቀላቀሉ በኋላ ከመረጨታቸው በፊት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ማረፍ ይፈልጋሉ፣ ከቆርቆሮው ጋር የሚመጣውን ወረቀት አንብቡት። ቅዝቃዜም ጠላቱ ነው። ብረቱ ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ሥራው ይጓተታል፣ ከ10 በታች ከሆነ የብዙዎቹ መጠንከር ሊቆም ምንም አይቀረው። ልብ በሉ፣ የአየሩን ሳይሆን የብረቱን ሙቀት ነው ያልኩት፤ ፀሐይ ወጥታም ላሜራው ገና ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል።

ሲረጭ ደስ ይላል። በ1.4 ወይም በ1.6 ሚሊሜትር ኖዝል (የመርጫው አፍንጫ) ሁለት እጅ ሰጠሁት፣ ራሱን ዘርግቶ ተኛ፣ አልወረደም። ባዶና ዝንጉርጉር የነበረው ጋቢና አንድ ወጥ ግራጫ ሆኖ ሳየው መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና መሰለኝ።

እንከኑን ደግሞ እንይ። በተረጨ ማግስት ለማለስለስ ከሞከራችሁ ወረቀቱን ይደፍነዋል፣ ትንሽ ጊዜ ስጡት። ጉድጓድ አይሞላም፣ ስለዚህ የስቱኮን ሥራ ከእሱ አትጠብቁ። ፀሐይ አይችልም፤ ቀለም ሳይለብስ ለወራት ፀሐይ ላይ ከቆየ ላዩ እንደ ጠመኔ ይቦናል። ሃርድነሩ ቆዳ ላይ አለርጂ ሊያመጣ ስለሚችል ጓንት ግዴታ ነው፣ ለትነቱም ካርትሪጅ ያለው ማስክ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የጊዜ ገደብ አለው። ከተረጨ በኋላ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ቀጣዩን ንብርብር ከሰጣችሁት ሁለቱ ይዋሃዳሉ፤ ካለፈ ግን እንደገና መጫር አለበት። የቀኑ ብዛት እንደ ምርቱ ስለሚለያይ የረጫችሁበትን ቀን በቴፕ ላይ ጽፋችሁ ቁራጩ ላይ ለጥፉ።

ስቱኮ ባዶ ብረት ላይ ነው ወይስ ኤፖክሲ ላይ? የድሮ ባለሙያዎች ባዶ ብረት ላይ ይላሉ፣ እጃቸውን አከብራለሁ። እኔ ግን ከኤፖክሲው በላይ ነው የምለው። ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል፤ በጠጠር ምት ወይም በጭረት ቀለሙ አንዴ ከተከፈተ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው ውሃው ስቱኮውን አቋርጦ በቀጥታ ብረቱን ያገኛል። ኤፖክሲ ከሥር ካለ ግን ውሃው ሌላ የተዘጋ በር ይጠብቀዋል። ኤፖክሲው በ180 ቁጥር ይጫር፣ ስቱኮው በስሱ ይለሰን፣ በደረቁ ይፈተግ። ስቱኮን በውሃ የሚፈትግ ሰው ውሃውን ራሱ እያስገባ ነው። ሲያልቅ ሌላ እጅ ኤፖክሲ ይታተምበትና ላዩ ላይ ስስ ጥቁር ቀለም ብን አድርጋችሁ በረጅም ማለስለሻ እንጨት ፈትጉት። ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። የድሮ ፒክአፕ ጎን ረጅምና ቀጥ ያለ ስለሆነ ማዕበሉን ሁሉ ያሳብቃል፣ በተለይ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ለመቀባት ያሰበ ሰው እዚህ ላይ አይቸኩል።

ለላይኛው ቀለም እኔ ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ብርሃን አሳላፊ ልባስ) የሌለውን፣ ቀለሙና አንጸባራቂው አንድ ላይ የሆነውን መርጫለሁ። ለዚያ ዘመን መኪና የሚስማማው እሱ ነው። ክሊር የለበሰ አሮጌ ፒክአፕ መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ይመስለኛል። ሜታሊክ (የብረት ብልጭታ ያለው ቀለም) የፈለገ ግን ቤዝ (መነሻ ቀለም) እና ክሊር ቢያደርግ ይሻለዋል።

ካሶኒውን አሁንም ለጭነት የምትጠቀሙበት ከሆነ ውስጡን እንደ ጎኑ አትቀቡት። ኤፖክሲ፣ ከዚያ በላዩ ወፍራሙን የካሶኒ መከላከያ ልባስ። ከመረጨታችሁ በፊት ደግሞ የካሶኒውን፣ የበሮቹንና የጋቢናውን ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በሽቦ ጠርጓቸው፣ በቴፕ ሸፍኑ፣ ሲደርቅ ቴፑን አንሱ። በፕራይመር የተደፈነ ቀዳዳ ያለው በር ውሃውን ውስጡ ያቁራል።