ፕሌይ ስቶር ወይስ ቴሌግራም? ጅማ ላይ አፕ ለሚሸጥ

ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የፈተና መለማመጃ አፕ በ200 ብር ትሸጣለህ እንበል። ፕሌይ ስቶር ምዝገባው አንዴ የሚከፈል 25 ዶላር ነው። አዲስ የግል አካውንት ከሆነ አፑ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት 12 ሞካሪዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት በዝግ ሙከራው ውስጥ መቆየት አለባቸው፤ መሃል ላይ አንዱ ከወጣና ቁጥሩ ከጎደለ የቀን ቆጠራው ይበላሻል፣ ስለዚህ 15 ሰው ያዝ። በ2021 በወጣው ተመን ከዓመቱ የመጀመሪያ 1 ሚሊዮን ዶላር ሽያጭ 15 በመቶ ይቆረጣል፦ ከ200 ብሩ 30ው ሄደ። ለተማሪ ገበያ ይህ ብዙ ነው! (የታሸገ ቡና ለሚሸጥ አፕ ኮሚሽኑ የለም፤ የሚቆረጠው ከዲጂታል ዕቃ ነው።)

የአፑን ፋይል በቴሌግራም ልኮ ገንዘቡን በቴሌብር መቀበል ኮሚሽኑን ያስቀራል። ስልኩ ግን ካልታወቀ ምንጭ ለመጫን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ማሻሻያም በራሱ አይመጣም። ከባዱ ጣጣ የፊርማ ቁልፉ፣ ማለትም አፑ ያንተ መሆኑን ስልኩ የሚለይበት ዲጂታል ፊርማ የሚሠራበት ፋይል ነው። ቁልፉ ያለበት ላፕቶፕ ከተበላሸ አዲሱ ስሪት ፊርማው ስለማይመሳሰል በአሮጌው ላይ አይጫንም። ተማሪው አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፤ ስልኩ ላይ ብቻ የነበረው ውጤቱም አብሮ ይጠፋል። ቁልፉንና የይለፍ ቃሉን በሁለት ፍላሽ ገልብጠህ ለየብቻ አስቀምጥ። ፕሌይ ስቶር ላይ የመፈረሚያ ቁልፉን ጉግል ከያዘልህ፣ አንተ ጋ የሚቀረው አዲስ ስሪት ወደ ፕሌይ ስቶር ስትልክ የምትፈርምበት የመስቀያ ቁልፍ ነው፤ እሱ ቢጠፋ በጥያቄ ይቀየራል።

ገዢዎችህ አንድ ግቢ ውስጥ ከሆኑ በቴሌግራም ጀምር።